የሁለት ሕክምናዎችን ወጪና ጥቅም ስናወዳድር እርግጠኛ ያልሆንበትን እንዴት እናሳይ?

ኮዬ ፈጬ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስብሰባ ላይ «አዲሱ የደም ግፊት ሕክምና አንድ ጤናማ ዓመት (በሙሉ ጤንነት የሚኖሩት ዓመት) በ60 ሺህ ብር ያስገኛል» ብላችሁ ብትቀመጡ ሰው የሚይዘው 60 ሺዋን ብቻ ነው። ወረዳ ትደርሳለች፣ ሪፖርት ውስጥ ትገባለች፣ በጀት ይያዝባታል። ግን እኮ ግምት ናት። እውነቱ 20 ሺህ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ጥቅም ላይኖረውም ይችላል። ይህንን ደብቆ ማቅረብ በሰው ገንዘብና በሰው ጤና ላይ መፍረድ ነው። ኤክሴል ካላችሁ ግምቱን ከነስፋቱ ማሳየት ትችላላችሁ። ከታች ያሉትን ቁጥሮች ለማሳያ ነው የያዝኳቸው፣ በራሳችሁ ቁጥር ተኳቸው።

1. ልዩነቱን አስሉ

አዲሱ ሕክምና ከነባሩ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ታካሚ በዓመት 1,200 ብር ይጨምራል እንበል። የሚጨምረው ጥቅም ደግሞ በአማካይ 0.02 ጤናማ ዓመት ነው፣ ማለትም አንድ ሳምንት ገደማ። 1,200 ሲካፈል ለ0.02፣ 60,000 ብር ይመጣል።

ወጪው የማን እንደሆነ እዚሁ ጋ ጻፉ። የጤና ጣቢያው ብቻ ነው ወይስ የታካሚውም ጭምር? ከኮዬ ፈጬ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ድረስ በታክሲ ተመላልሶ የሚታከም የቀን ሠራተኛ የትራንስፖርቱ ላይ የቀኑ ደሞዝም ይቀርበታል፤ ይህ ሲቆጠርና ሳይቆጠር መልሱ በጣም ይለያያል።

2. ለእያንዳንዱ ቁጥር ዝቅተኛና ከፍተኛ ስጡት

ወጪው ከ800 እስከ 1,600 ብር፣ ጥቅሙ ደግሞ ከ−0.005 (ከዜሮ በታች) እስከ +0.045 ይሁን። ከዜሮ በታች መግባቱ ሕክምናው ሊጎዳም ይችላል ማለት ነው። ስፋቱን ከጥናቱ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልል፣ ማለትም ጥናቱ እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ብሎ ከሚሰጠው ዝቅተኛና ከፍተኛ፣ ውሰዱት። ብዙ ሰው ሁሉንም ቁጥር 20 በመቶ ከፍና ዝቅ አድርጎ ያልፋል፤ እኔ ይህን አልወደውም፣ ምክንያቱም በደንብ የተጠናውንና በግምት የተጻፈውን አንድ ያደርጋቸዋል።

3. የማካፈሉን ውጤት ተዉት፣ ወደ ብር ቀይሩት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ነው። አንድ ሕክምና 1,200 ብር ቆጥቦ 0.02 ዓመት ከጨመረ ስታካፍሉት ከዜሮ በታች 60,000 ይሰጣችኋል። ሌላው ደግሞ 1,200 ብር አስወጥቶ 0.02 ዓመት ቢቀንስስ? እሱም ከዜሮ በታች 60,000! አንዱ ድንቅ ነው፣ ሌላው ገንዘብም ጤናም ያጠፋል፣ ቁጥራቸው ግን አንድ ነው። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ላይ ዝቅተኛና ከፍተኛ ብሎ መጻፍ አንባቢውን ያሳስታል።

መፍትሔውን ስቲኔትና ሙላሂ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አሳይተዋል። ለአንድ ጤናማ ዓመት ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ ነን? 100,000 ብር ካልን 0.02 ዓመት 2,000 ብር ያወጣል። ከዚያ ላይ 1,200 ሲቀነስ 800 ብር የተጣራ ጥቅም ይተርፋል። ጥቅሙ 0.01 ብቻ ቢሆን ግን 200 ብር ኪሳራ ነው። ከዜሮ በላይ ከሆነ ያዋጣል፣ በታች ከሆነ አያዋጣም፤ በቃ።

4. ሺህ ጊዜ አስሉት

ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። በኤክሴል 1,000 መስመር ክፈቱ። በየመስመሩ ከወጪውና ከጥቅሙ ክልል አንዳንድ ቁጥር በዕጣ ይወጣል፣ የተጣራ ጥቅሙም ይሰላል። ለዕጣው የራንድን (RAND) እና የኖርም ኢንቭን (NORM.INV) ፎርሙላ አንድ ላይ ተጠቀሙ፤ አማካዩን ስጡት፣ ለመደበኛ ልይይቱ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ ለሚያሳየው) ደግሞ የክልሉን ስፋት ለ4 አካፍሉ። ከዚያ ከዜሮ በላይ የሆኑትን መስመሮች ቁጠሩ። በእኛ ምሳሌ ከየ100ው መስመር 74 ያህሉ ከዜሮ በላይ ይሆናሉ።

5. በአንድ ግራፍ አሳዩት

100,000 ብር ያልነው እኛ ነን፤ ሌላው ሰው ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን እየቀያየራችሁ ደግማችሁ ቁጠሩ። በ30,000 ብር ከ100 8፣ በ60,000 50፣ በ150,000 83 ይመጣል። ነጥቦቹን በመስመር አገናኙ። ልብ በሉ፣ መስመሩ 100 አይደርስም፤ ገንዘቡን የቱንም ያህል ብታሳድጉት 94 ወይም 95 አካባቢ ይቆማል፣ ምክንያቱም ሕክምናው ጨርሶ ላይጠቅም የሚችልበት ዕድል አለ።

6. በሰው ቋንቋ ጻፉት

«ለአንድ ጤናማ ዓመት 100,000 ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ከሆንን አዲሱ ሕክምና የማዋጣት ዕድሉ ከ100 74 ነው፤ 26ቱ ላይ ነባሩ ይሻላል።» ይህን የኮሚቴው አባል ሁሉ ይረዳዋል። ክልሉ ዜሮን ስለነካ ብቻ «ልዩነት የለም» ብላችሁ አትዝጉት። ነባሩን መቀጠልም ምርጫ ነው፣ እሱም የመሳሳት ዕድል አለው።

7. ዕጣው የማያውቀውን ለብቻ ጻፉ

ሺህ ጊዜ ማስላት የሚያውቀው እናንተ የሰጣችሁትን ክልል ብቻ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በተሠራ ስሌት ውስጥ ይህ የለም። መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ሌላ ስሌት ጨምሩ፦ ከ1,200ው 800 ብሩ የመድኃኒት ቢሆንና ዋጋው እጥፍ ቢሆን ጭማሪው 2,000 ብር ይደርሳል፣ 74ቱም ወደ 50 ይወርዳል። ይህንንም በዚያው ግራፍ ላይ በሌላ ቀለም አስምሩት።