ሃሎጅኑን በኤልኢዲ ቀይራችሁ አምፖሉ ካስቸገራችሁ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የጂፕሰም ኮርኒስ ያሠራ ሰው ትንንሽ የሃሎጅን ስፖት ላይቶች አስገጥሞ ይሆናል። አንዱ ብቻውን 50 ዋት ይበላል። ሳሎን ውስጥ ስምንት ካሉ 400 ዋት ነው። ኤልኢዲ ያንኑ ብርሃን በ6 ዋት ገደማ ይሰጣል። ስምንቱም ተደምረው የአንዱን ሃሎጅን ያህል እንኳ አይፈጁም።

ጣጣው የሚመጣው አምፖሉ ብቻ ተቀይሮ፣ ለሃሎጅን ተብሎ የተገጠመው ሌላው ዕቃ እንዳለ ሲቀር ነው። አብሽሩ፣ አብዛኛው ይስተካከላል። ብቻ ከምንም በፊት ብሬከሩን አጥፉ። ሃሎጅን ሲሠራ ቆይቶ ከሆነ ደግሞ ክፉኛ ስለሚያቃጥል እስኪበርድ ጠብቁ።

ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይም ጭራሽ አይበራም

የአሮጌውን አምፖል እግር እዩት። እንደ መርፌ ቀጫጭን ከሆኑ ባለ 12 ቮልት ነው። ጫፋቸው ወፈር ብሎ፣ ገፋ አድርጋችሁ በማዞር የምታስገቡት ከሆነ ባለ 220 ነው።

ባለ 12ቱ ከኮርኒሱ በላይ 220ውን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር አለው። ብዙ ጊዜ «20–60 ዋት» የሚል ይጻፍበታል። ከ20 ዋት በታች ሲጫንበት በትክክል አይሠራም ማለት ነው። ኤልኢዲው የሚፈልገው ግን 6 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ትራንስፎርመሩ እየጀመረ ያቋርጣል።

በአንድ ትራንስፎርመር ሦስት ባለ 20 ዋት አምፖል ካለ ነገሩ ይበልጥ ያደናግራል። ሁለቱን ስትቀይሩ ደህና ይሠራል። የመጨረሻውን ሃሎጅን ስታወጡ ግን ሦስቱም መብለጭለጭ ይጀምራሉ። ይሄ ለመለየትም ይጠቅማል። አንድ ሃሎጅን መልሳችሁ ስታስገቡ ከረጋ፣ ጥፋቱ የትራንስፎርመሩ ነው።

መፍትሄው ወይ በትራንስፎርመሩ ፋንታ ለኤልኢዲ የተሠራ ባለ 12 ቮልት ድራይቨር (ኃይል ሰጪ ዕቃ) መግጠም፣ ወይ ትራንስፎርመሩን አውጥቶ የአምፖሉን መያዣና ገመዱን ለ220 በሚሆን መቀየር ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የሚበላሽ ዕቃ ይቀንሳል። ይህን ግን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ባለ 12 ቮልት አምፖል በቀጥታ 220 ላይ ከገባ ወዲያው ይቃጠላል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ትራንስፎርመር ከሌለና ብርሃን መቀነሻ ማብሪያ ካላችሁ፣ እሱን በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ቀይራችሁ ሞክሩ።

ከጠፋ በኋላም ጭል ጭል ይላል

ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለ፣ በሷ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ማብሪያውን ጠቋሚ በሌለው ቀይሩት።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ችላ አይባልም። ማብሪያው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ገመድ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የመመለሻውን ገመድ) የሚያቋርጥ ከሆነ፣ መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ ላይ ኤሌክትሪክ አለ። አምፖል የሚቀይረው ሰው ሊያዝ ይችላል። ባለሙያ በቴስተር አይቶ ፌዙን በማብሪያው በኩል ያሳልፈው።

በወራት ውስጥ ይቃጠላል

ኤልኢዲን የሚገድለው ሙቀት ነው። ከጀርባው ያለው ኤሌክትሮኒክስ አየር ይፈልጋል። በተዘጋ የመስታወት ክዳን ውስጥ፣ ወይም በኮምቦልቻ ፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ሲታፈን ዕድሜው ያጥራል። ክዳኑን ክፈቱለት፣ ከኮርኒሱ በላይም ምንም አትደርቡበት።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላልና፣ ሲሄድ ማብሪያውን አጥፉ፤ ተመልሶ ሲረጋ አብሩ። ማታ ማታ ኃይል የሚወርድበት ሰፈር ከሆናችሁ ካርቶኑ ላይ «85–265 ቮልት» የሚለውን ፈልጉ።

ቤቱ ቀዝቃዛ መሰለ

አምፖሉ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ይሆናል፤ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ነው። የሃሎጅኑን ዓይነት ሞቅ ያለ ብርሃን ከፈለጋችሁ ከ2700 እስከ 3000 ግዙ። በደሴ ብርድና ጉም፣ ቡና ለሚፈላበት ሳሎን እኔ ከዚህ ሌላ አልመርጥም። መጀመሪያ አንድ ብቻ ገዝታችሁ ማታ አብርታችሁ እዩት፤ ከወደዳችሁት ቀሪውን ከዚያው ዓይነት ግዙ።