የኦንላይን ወይን ክለብ ያዋጣል? ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት እንዴት እንደምታጣሩ

የወይን ክለብ በየጊዜው የወይን ሣጥን እየላከ ከካርዳችሁ የሚቆርጥ አገልግሎት ነው። ማስታወቂያው ሁሉ ቅናሽ ይዞ ነው የሚመጣው። 6 ጠርሙስ በግማሽ ዋጋ፣ ማድረሻ ነፃ፣ ካልተመቻችሁ በማንኛውም ጊዜ ሰርዙ። ብዙ ሰው እዚያው ላይ ወስኖ ካርዱን ያስገባል። እኔ ለቅናሹ ብሎ ክለብ መግባትን አልመክርም። ቅናሹ የአንድ ጊዜ ነው፣ ክፍያው ግን በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ይቀጥላል። ክለብ የሚያዋጣው ራሳችሁ ፈልጋችሁ የማታገኙትን ወይን ሲያመጣላችሁ ነው። ይህን የሚያደርጉ ክለቦች በእርግጥ አሉ። ከሌሎቹ የምትለዩበት መንገድ ይኸውላችሁ።

1. መጀመሪያ ስንት እንደምትጠጡ ቁጠሩ

አንድ መደበኛ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ 150 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል። ቤታችሁ ውስጥ በሳምንት አንድ ጠርሙስ የሚከፈት ከሆነ በዓመት 52 ጠርሙስ ማለት ነው። በየወሩ 6 የሚልክ ክለብ በዓመት 72 ያመጣል። 20 ጠርሙስ ትርፍ ሆነ። እሱ ጥግ ላይ ይከማቻል፣ ወይም ደግሞ ሳታስቡት ከወትሮው በላይ መጠጣት ትጀምራላችሁ። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። የምትጠጡትን መጠን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ የክለቡ የመላኪያ ቀን ሊወስንላችሁ አይገባም።

«ቢተርፍ ምን አለበት፣ ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥቂት ወይኖች እንደዚያ ናቸው። ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ወይን ግን በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ የሚቆየውም ቢሆን ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያለው ጨለማ ቦታ ይፈልጋል። ማድ ቤት ውስጥ ከምድጃ በላይ ያለ መደርደሪያ ለወይን አይሆንም።

2. የትኛው ዓይነት ክለብ እንደሆነ ለዩ

ስማቸው ሁሉ ክለብ ይሁን እንጂ አሠራራቸው በጣም ይለያያል።

የአምራቹ የራሱ ክለብ አለ። አንድ የወይን እርሻ የራሱን ምርት በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይልክላችኋል። ወይኑን ቀምሳችሁ የወደዳችሁት ከሆነ ጥሩ ነው፤ በተለይ በትንሹ የሚመረተውንና ሱቅ የማይደርሰውን ጠርሙስ ለአባላቱ ሲያስቀር። ችግሩ ዓመቱን ሙሉ የአንድ እጅ ሥራ መጠጣታችሁ ነው።

ሁለተኛው የመራጮች ክለብ ነው። የወይን ነጋዴ ወይም ቀማሽ ከተለያዩ አምራቾች መርጦ ይልካል። ለእኔ ክለብ መግባት የሚያስከፍለውን ገንዘብ በደንብ የሚመልሰው ይኼኛው ነው። ሰውዬው ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ከጆርጂያ በሸክላ እንስራ የተጠመቀ ወይን ከፖርቱጋል ነጭ ጋር ይልክላችሁና ለምን እንደመረጣቸው በአንድ ገጽ ጽፎ ያስረዳችኋል። ሱቅ ውስጥ ብቻችሁን ቆማችሁ ብትመርጡ ሁለቱንም አታነሷቸውም ነበር።

ሦስተኛው በጥያቄ የሚጀምር ነው። ቡናችሁን እንዴት ትጠጣላችሁ፣ ጥቁር ቸኮሌት ትወዳላችሁ ወይ እያለ ይጠይቅና «ለእናንተ ጣዕም የተመረጠ» ብሎ ይልካል። ጥያቄው መነሻ ያህል ነው እንጂ ስለ ወይን ምርጫችሁ ብዙ አይናገርም። የእነዚህን ክለቦች ልክ የምታውቁት በኋላ በምትሰጡት አስተያየት ነው። «ይሄ በጣም ጣፋጭ ሆነብኝ፣ ደረቅ (ስኳር የሌለበት) እፈልጋለሁ» ብላችሁ ቀጣዩ ሣጥን ያው ዓይነት ከሆነ ማንም አልሰማችሁም ማለት ነው።

አራተኛው እንደ ቁጠባ ያለ ነው። በብሪታንያ በ2008 የተቋቋመው ኔክድ ዋይንስ አባላቱ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ወደ አካውንታቸው ያስገባሉ፤ በዚያ ገንዘብ ሲፈልጉ ወይን ይገዙበታል፣ ኩባንያውም ለትንንሽ ወይን ሠሪዎች ቀድሞ ይከፍልበታል። ሣጥን ሳይታዘዝ ስለማይመጣ ይሄ አሠራር ጫናው ቀለል ይላል።

ከነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ አለ። በ1874 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ዘ ዋይን ሶሳይቲ የአባላቱ የራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አንድ ጊዜ አክሲዮን ትገዛላችሁ፣ ከዚያ በፈለጋችሁ ጊዜ የፈለጋችሁትን ታዛላችሁ፣ ካልፈለጋችሁ ምንም አትገዙም። በምትኖሩበት አገር እንዲህ ያለ ካለ ከሌሎቹ በፊት እሱን ተመልከቱ።

3. ጠርሙሱ ሌላ ቦታ ይሸጣል ወይ? ፈልጉ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። አብዛኛውን መልስ የምታገኙት እዚህ ነው።

ክለቡ ዌብሳይቱ ላይ ካሳያቸው ጠርሙሶች ሦስቱን ውሰዱ። ሙሉ ስማቸውንና የምርት ዓመታቸውን ዋይን ሰርቸር ላይ ጻፉ። የወይን ዋጋ ከየሱቁ የሚያወዳድር ድረ ገጽ ነው። ከዚያ በ2010 ዴንማርክ ውስጥ የተጀመረው ቪቪኖ ላይ የጠጡት ሰዎች ምን እንዳሉ እዩ። ጠርሙሱ በሌሎች ሱቆች በተቀራራቢ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ክለቡ የነገራችሁ «መደበኛ ዋጋ» እውነተኛ ነው።

ከክለቡ በስተቀር የትም ከሌለ ግን ለክለቡ ብቻ የታሸገ ወይን ሊሆን ይችላል። ክለቡ ወይኑን በጅምላ ከሌላ ይገዛል፣ ስም ያወጣለታል፣ የሚያምር ምልክት ይለጥፍበታል። እንዲህ ያለ ወይን ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ጥሩ አምራቾችም የተረፋቸውን በዚህ መንገድ ይሸጣሉ። ጣጣው ዋጋው ላይ ነው። መደበኛውን ዋጋ ያወጣው ክለቡ፣ የቀነሰውም ክለቡ። የምታመሳክሩበት ሌላ ዋጋ የለም። ስለዚህ «50 በመቶ ቅናሽ» የሚለው ቁጥር እዚህ ላይ ምንም አይነግራችሁም።

ጠርሙሱን አዙራችሁ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍም አንብቡ። በአሜሪካ ሕግ «ፕሮዲውስድ» የሚል ቃል ከአሻጊው ስም በፊት ካለ፣ ያ ድርጅት ከወይኑ ቢያንስ 75 በመቶውን ራሱ አብላልቶታል ማለት ነው። «ሴላርድ» ወይም «ቪንትድ» የሚል ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም፤ ወይኑ ሌላ ቦታ ተሠርቶ መጥቶ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የአምራቹ ስም፣ መንደሩ ወይም አካባቢው፣ የወይኑ ዝርያና የምርት ዓመቱ በግልጽ ሲጻፍ ደስ የሚል ምልክት ነው። ሰው በሥራው ሲኮራ ስሙን አይደብቅም።

4. የዓመቱን ሂሳብ ሥሩ

የመጀመሪያው ሣጥን ዋጋ ያታልላል። በየሦስት ወሩ 6 ጠርሙስ የሚልክ ክለብ እንውሰድ። ገንዘቡ የትኛውም ይሁን፣ ጠርሙሱ 100 ነው እንበል። የመጀመሪያው ሣጥን በግማሽ ዋጋ 300። ቀጣዮቹ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 600፣ ድምሩ 1800። ማድረሻው በየሣጥኑ 60 ቢሆን በአራቱ 240። ጠቅላላው 2340፤ ለ24 ጠርሙስ ሲካፈል አንዱ 97.50 ወጣ። ግማሽ ዋጋ የተባለው ዓመቱ ሲያልቅ 2.50 ብቻ ቀነሰ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከ24ቱ የወደዳችሁት 15 ብቻ ነው እንበል። 2340ን ለ15 አካፍሉት፦ 156። በእውነት የጠጣችሁበት ዋጋ ይሄ ነው። በዚህ ገንዘብ ጥሩ የወይን ሱቅ ሄዳችሁ «6 የተለያዩ ምረጥልኝ፣ በጀቴ ይሄ ነው፣ ቀለል ያለ ቀይ እወዳለሁ» ብትሉት ምን ታገኙ ነበር? አጠገባችሁ ሥራውን የሚወድ ሻጭ ካለ ክለቡ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። እንደዚያ ዓይነት ሱቅ በሌለበት ለምትኖሩ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል።

5. መውጫውን ከመግቢያው በፊት እዩ

ከመመዝገባችሁ በፊት ክለቡ ዌብሳይት ላይ ስለ መሰረዝ የሚያወራውን ገጽ ፈልጉ። ሦስት ነገር እወቁ። በኦንላይን መሰረዝ ይቻላል ወይስ ስልክ መደወል ግድ ነው? አንድ ሣጥን መዝለል ይቻላል? ገንዘቡ ከመቆረጡ ስንት ቀን በፊት ማሳወቅ አለባችሁ? መልሱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ እኔ እዚያ አልገባም። ያገኛችሁትን ስክሪንሾት አንሱና አስቀምጡ፤ የሚቆረጥበትን ቀን ደግሞ ስልካችሁ ካሌንደር ላይ መዝግቡ።

ሕግም ከጎናችሁ አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኦንላይን የተገዛን ዕቃ ከደረሳችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳትሰጡ ውሉን መተው ትችላላችሁ፤ በብሪታንያም እንዲሁ። በአሜሪካ ከ2010 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ በኦንላይን በራሱ እየታደሰ የሚቆረጥ ክፍያን የሚያስከፍል ድርጅት ሁኔታውን ቀድሞ በግልጽ እንዲናገርና ቀላል የማቋረጫ መንገድ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ብዙ ገንዘብ ቀድማችሁ አታስገቡ። የገዛችሁትንም ወይን ሻጩ መጋዘን ውስጥ አታከማቹ። በአሜሪካ ታዋቂ የነበረው የወይን ክለብ ዊንክ በ2022 መጨረሻ ለኪሳራ አመለከተ። በ2023 ደግሞ የኦንላይን ወይን ሻጩ አንደርግራውንድ ሴላር ከሰረና ደንበኞቹ ገንዘብ ከፍለውበት መጋዘኑ ውስጥ ያስቀመጡት ወይን የኪሳራው ጉዳይ ውስጥ ተጠላልፎ ቀረ። የከፈላችሁበት ጠርሙስ ቤታችሁ ይግባ።

6. ሣጥኑ ሲመጣ ቆማችሁ ፈትሹ

ወይን በብዙ አገር ለአዋቂ ሰው ተፈርሞ ነው የሚሰጠው፤ በአሜሪካ 21 ዓመት የሞላው ሰው መገኘት አለበት። ቤት ሰው ከሌለ ሣጥኑ መኪናው ላይ ተመልሶ ይወጣል፣ ነገም ይዞራል። በሙቀት ወራት ይሄ ወይኑን ይገድለዋል። ስለዚህ የሥራ ቦታችሁን አድራሻ መስጠት ከቻላችሁ ስጡ፤ በጣም በሚሞቅበት ወቅት ደግሞ መላኩን አስቁሙ። ጥሩ ክለብ ይህን ሳትጠይቁት ራሱ ያደርገዋል።

ሣጥኑን እንደከፈታችሁ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንሱ። የጠርሙሱን አንገት የሸፈነውን ቆርቆሮ በአውራ ጣታችሁ ዳብሱት። ቡሹ ሽቅብ ገፍቶ አናቱ ላይ እብጠት ከተሰማችሁ፣ ወይም ከሽፋኑ ሥር የደረቀ፣ የሚያጣብቅ መስመር ወደ ታች ወርዶ ካያችሁ ወይኑ መንገድ ላይ ሞቆ ቡሹን ገፍቶታል። ፎቶ አንሱና ያኔውኑ ላኩላቸው። ከፍታችሁ ስታሸቱት ደግሞ የራሰ ካርቶን ወይም እርጥበት የያዘው ምድር ቤት ቢሸት ቲሲኤ በሚባል ውህድ የተበላሸ ነው። ጤና አይጎዳም፣ ግን የፍሬውን መዓዛ ያጠፋዋል። አታፍሱት፤ ቡሹን መልሳችሁ ለክለቡ ጻፉ። ያለ ክርክር ገንዘባችሁን ወይም ሌላ ጠርሙስ የሚሰጥ ክለብ ሊያዝ የሚገባው ነው።

7. በሦስት ሣጥን ፍረዱ

በመጀመሪያው ሣጥን አትፍረዱ። አዲስ ሰው እንዲቀር ብለው ጥሩ ጥሩውን የሚያስቀድሙ አሉ። ከመጀመሪያው ሣጥን ጀምሮ የእያንዳንዱን ጠርሙስ ምልክት በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ከሥሩ አንዷን ጻፉ፦ «ደግሜ እገዛዋለሁ»፣ «ደህና ነው»፣ «አልፈልገውም»። ረጅም ማስታወሻ አያስፈልግም። በተቻለ መጠን በተለያየ ቀን፣ ከምግብ ጋር ቅመሱ።

ሦስተኛው ሣጥን ሲያልቅ ፎቶዎቹን ተመልከቱ። «ደግሜ እገዛዋለሁ» ያላችሁት ቢያንስ ግማሽ ከሆነና ከመካከላቸው ስማቸውን ከዚህ በፊት ሰምታችሁ የማታውቁት ካሉ ቆዩ። አብዛኛው «ደህና ነው» ከሆነ ወይ ሱቅ ሄዳችሁ እነዚያን የወደዳችኋቸውን ብቻ ግዙ፣ ወይ ክለቡን ወደ መራጮች ክለብ ቀይሩ። ስትሰርዙ «ሌላ ቅናሽ እንስጣችሁ» ማለታቸው አይቀርም። የደረጃ 4ን ሂሳብ በአዲሱ ዋጋ ድገሙት፣ ካልተለወጠ አትቀበሉ። መሰረዛችሁን የሚያረጋግጥ ኢሜይል እስኪደርሳችሁ ገጹን አትዝጉ፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ የባንክ ሂሳባችሁን ተመልከቱ፣ የተቆረጠ ነገር ካለ ኢሜይሉን አያይዛችሁ ለካርድ ባንካችሁ አሳውቁ።