የሳይክል ችግርና መፍትሄ፦ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ምልክቱን አዳምጡ

ካቴናዬን ከቀየርኩ ገና ሁለት ቀኔ ነበር። ወደ እንጦጦ እየወጣሁ ነው። ዳገቱ ሲከብድ ከኮርቻው ተነስቼ ፔዳሉን በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ካቴናው ጥርሱን ዘለለና እግሬ ባዶ ወረደ። ደረቴ መሪው ላይ አረፈ፣ ጉልበቴ ተላጠ። ከኋላዬ መኪና ስላልነበረ ተረፍኩ።

አዲስ ካቴና እንዴት ይዘላል? ጥፋቱ የካቴናው አልነበረም። አሮጌውን ካቴና ከልኩ በላይ ስለነዳሁበት የኋላውን ካሴት (ካቴናው የሚዞርባቸውን ባለጥርስ ክቦች) ጥርሶች በልቷቸው ነበር። አዲሱ ካቴና በተበሉት ጥርሶች ላይ መቀመጫ አጣ። የቀየረልኝም ሰው እኔም ጥርሶቹን ዞር ብለን አላየናቸውም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ራሴን እጠይቃለሁ። መቼ ነው የሚሆነው? ሽቅብ ነው ቁልቁል? ቁጭ ብዬ ነው ቆሜ? በአንድ ማርሽ ብቻ ነው በሁሉም? መልሱ ብዙ ጊዜ ግማሹን ጥገና ይጨርሰዋል። ከዚህ በታች ያሉት በአስፋልትም በተራራም ስንነዳ ደጋግመው የሚያጋጥሙን ናቸው።

ጎማው ተለጥፎ በማግስቱ ይተነፍሳል

እንደዚህ የሚያናድድ ነገር የለም። ልጣፉን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን የወጋው ነገር መውጣቱን አረጋግጡ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የውጭ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ይጠብቃችኋል። በእኛ መንገድ ዋነኞቹ የግራር እሾህ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ እና ከፈነዳ የጭነት መኪና ጎማ የሚረግፍ ቀጭን ሽቦ ናቸው። ሽቦው እንደ ፀጉር ስለሚቀጥን በዓይን ማግኘቱ ያስቸግራል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ጎማውን ስገጥም የውጭ ጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ አደርገዋለሁ። ሲተነፍስ የውስጥ ጎማውን አውጥቼ እነፋዋለሁ፣ ቀዳዳውን እፈልጋለሁ። ውሃ ካለ አረፋው ያሳያል። ውሃ ከሌለ ወደ ከንፈር አስጠግቶ ማዞር ነው፤ ከንፈር ትንሿን ንፋስ ያውቃል። ከዚያ ከቫልቩ ምን ያህል እንደሚርቅ ለክቼ የውጭ ጎማው ላይ እዚያው ቦታ ሄጄ እፈትሻለሁ። ውስጡን በጥጥ ወይም በስስ ጨርቅ አብሱት። የተሰካ ነገር ካለ ጥጡን ይይዘዋል። በባዶ ጣት አትሞክሩት፣ ይቆርጣል።

የቀዳዳው ቦታና ቅርጽም ይናገራል። ወደ ውጭ በኩል አንድ ቀዳዳ ከሆነ የወጋ ነገር አለ። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፣ እባብ የነደፈው ከመሰለ፣ ነፋሱ አንሶ ጉድጓድ ወይም የድንጋይ ጠርዝ ላይ ስትመቱ ቸርኬው ጎማውን ቆንጥጦታል። መፍትሄው ነፋስ መጨመር ነው። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በኩል ከሆነ የቸርኬውን ሽቦዎች ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቷል ወይም ተቀዷል። እሱን ሳትቀይሩ መቶ ጊዜ ብትለጥፉ ዋጋ የለውም። ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ደግሞ አይለጠፍም፤ ሌላ የውስጥ ጎማ ይግባበት። በቀነሰ ነፋስ ስትነዱ የውስጥ ጎማው በዝግታ እየተንሸራተተ ቫልቩን ያጣምመዋል። ስትነፉ ቫልቩን መጎተትም እንዲሁ ያደርጋል።

ልጣፍ የማይዝበት ትልቁ ምክንያት ችኮላ ነው። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ማስቲሹን በስሱ ቀቡ። ከዚያ ጠብቁ። አምስት ደቂቃ ያህል፣ እርጥበቱ እስኪጠፋ። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ነገር ጠዋት ተነስቶ ይገኛል።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሳይክል ጎማ የሚይዘው አየር በጣም ትንሽ ነው። የመኪና ጎማ የሚሞላ ኮምፕረሰር በሰከንዶች ያፈነዳዋል። "ትንሽ ትንሽ እያልክ፣ እያቆምክ" በሉት። ሁለተኛ፣ የብዙ አስፋልት ሳይክሎች ቫልቭ ፕሬስታ የሚባለው ቀጭኑ ነው። የጎሚስታው ቱቦ አይገጥምለትም። ከመኪናው ቫልቭ ጋር የምታመሳስል ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አለች። ሁልጊዜ ቫልቩ ላይ ጠምዝዛችሁ ተዉአት። እሷን ረስቶ ሰበታ ላይ ሳይክል የገፋ ሰው አውቃለሁ።

ምን ያህል ይነፋ? 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከውስጥ ጎማ ጋር፣ ለ25 ሚሊ ሜትር የአስፋልት ጎማ 80 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ፣ ለ28 ሚሊ ሜትር 70 አካባቢ፣ ለተራራ ሳይክል ወፍራም ጎማ ከ28 እስከ 35 መነሻ ይሆናል። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን አትለፉ። "ድንጋይ እስኪመስል" መንፋት ፍጥነት አይጨምርም። በተለይ በኮብልስቶን ላይ እጅና ወገብ ብቻ ያደክማል።

ካቴናው ይዘላል፣ ማርሹ አልታዘዝ ይላል

እነዚህ ሁለቱ ይምታታሉ፤ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ዳገት ላይ ስትጫኑት ብቻ የሚዘል ከሆነ መለካት ነው። ማስመሪያ አምጡ። የካቴናው አንድ ሙሉ ጥንድ፣ ማለትም አንድ ውጫዊና አንድ ውስጣዊ አያያዥ፣ አዲስ ሲሆን 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። 12 ጥንድ 304.8 ይሆናል። ከፒን መሀል እስከ ፒን መሀል ለኩ። 306.5 አካባቢ ከደረሰና ከኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ያላት ሳይክል ከሆነች ቀይሩ። ከ8 እስከ 10 ላላት 307 ላይ ቀይሩ። 308 ካለፈ ካሴቱም አብሮ ሳይበላ አይቀርም። እኔ ጉልበቴን የላጥኩት ይህን ሳላውቅ ነው። የሚዘለው አዘውትራችሁ በምትነዱባቸው ሁለትና ሦስት ማርሾች ላይ ብቻ ከሆነ ማስረጃው ያ ነው።

ካቴና ከካሴት በጣም ይረክሳል። ደግሞ ጥሩ ካሴት እዚህ በፈለጉት ጊዜ አይገኝም። ብዙዎቻችን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ነው የምናስመጣው። ስለዚህ ካቴናን በጊዜ መቀየር ወጪ ሳይሆን ቁጠባ ነው። ስታስመጡ የኋላውን ማርሽ ብዛት ቆጥራችሁ ንገሩ። የ9 ካቴና ለ11 አይሆንም።

በየተወሰነ ዙር "ጠቅ" እያለ የሚዘል ከሆነ አንድ አያያዥ ደርቋል። ፔዳሉን ወደ ኋላ በዝግታ አዙሩና ካቴናውን ከኋላው ማርሽ ቀያሪ ላይ ባሉት ትንንሽ ጎማዎች ሲያልፍ ተመልከቱ። የደረቀው አይተጣጠፍም፣ ይነሳል። በእጃችሁ ወደ ጎንና ጎን አጣጥፉት፣ ጠብታ ዘይት ስጡት። ዝናብ ከመታው በኋላ ሳይጠረግ ያደረ ካቴና እንዲህ ይሆናል።

ካቴናው ደህና ሆኖ ማርሹ ከዘገየ ጥፋቱ በካቦው በኩል ነው። ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ካንገራገረ ካቦው ላልቷል። ካቦው ወደ ኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚገባበት ጋ ያለውን ማስተካከያ በሰዓት ተቃራኒ ግማሽ ዙር እያዞራችሁ ሞክሩ። አዲስ ካቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ማድረጉ የተለመደ ነው። ወደ ትንሹ ጥርስ ለመውረድ ካንገራገረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካቦው በጭቃና በዝገት ታፍኗል። ካቦውንና ሽፋኑን ቀይሩ። ማስተካከያውን ስታሽከረክሩ አትዋሉ።

በምንም ካልተስተካከለ ከሳይክሏ ኋላ ቁሙና ማርሽ ቀያሪውን እዩ። ሁለቱ ትንንሽ ጎማዎች ከላያቸው ካለው ጥርስ ጋር ቀጥ ብለው መታየት አለባቸው። ወደ ውስጥ ካዘነበሉ ማርሽ ቀያሪው የተንጠለጠለባት ትንሽ ብረት ጎብጣለች። በቀኝ በኩል የወደቀች ወይም አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭና የመጣች ሳይክል ላይ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ሳይቃና በትልቁ የኋላ ጥርስ ዳገት አትውጡ። ማርሽ ቀያሪው ሽቦዎቹ ውስጥ ከገባ ቸርኬውንም ይዞት ይሄዳል።

ስለ ዘይት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ካቴና የሚሞተው በዚህ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ። አቧራ ሲጨመርበት እንደ ሞረድ ይሆናል። ካቴናውን በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ለእያንዳንዱ አያያዥ አንድ ጠብታ የሳይክል ዘይት ስጡ፣ ከዚያ ውጩን በጨርቅ ጥረጉት። ዘይት የሚያስፈልገው ውስጥ ነው።

ፍሬኑ ይጮሃል፣ ወይም አይዝም

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከእንጦጦ አናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርዱት በፍሬናችሁ ተማምናችሁ ነው።

የዲስክ ፍሬን የሚጮህና የማይዝ ከሆነ ቅባት ነክቶታል። ለካቴና የተረጨ ዘይት ወይም ግራሶ የነካ እጅ ይበቃል። ዲስኩን ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ንጹሕ አልኮል ጥረጉ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፣ ለቆዳ የሚጨመርበት ነገር ዲስኩ ላይ ይቀራል። የፍሬን ሸራውን አውጥታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ስስ አድርጋችሁ አሹት። ዘይት ከጠጣ ግን አይድንም፣ ይቀየር። አዲስ ሸራ ሲገባ ባዶ መንገድ ላይ ፍጥነት እያነሳችሁ፣ ጎማው ሳይቆልፍ ለመቆም እስክትቃረቡ እየያዛችሁ፣ 20 ጊዜ ያህል አለማምዱት። ይህን ዘልሎ በቀጥታ ቁልቁለት የወረደ ሰው "አዲሱ ሸራ አይረባም" ይላል።

እጀታው እስከ መሪው ድረስ ከገባስ? ባለ ካቦ ከሆነ ካቦውን አጥብቁ፣ የሸራውንም ውፍረት እዩ። በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነና እንደ ስፖንጅ ከተሰማችሁ አየር ገብቶበታል፤ መተንፈስ አለበት። ይህን ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን እጀታው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የሺማኖ ፍሬን የሚወስደው ሚኒራል ኦይል ነው። በየመኪና መለዋወጫ ቤቱ የሚሸጠው የፍሬን ዘይት ዶት (DOT) የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው። ሚኒራል ኦይል የሚወስድ ፍሬን ውስጥ ዶት ከገባ የጎማ ማኅተሞቹን ያበላሻቸዋል፤ ፍሬኑ በሙሉ ይጣላል። "ሁሉም ያው ነው" የሚል ሠሪ ካጋጠማችሁ ሳይክላችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ረጅም ቁልቁለት መሀል እየያዘ የነበረው እየደከመ ከመጣና የማረር ሽታ ከሸተታችሁ፣ ፍሬኑ ሞቋል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ሙሉውን መንገድ እየጎተቱ መውረድ ነው የሚያቃጥለው። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ላይ ሙቀቱ የውስጥ ጎማውን እስከ ማፈንዳት ይደርሳል። ካቆማችሁ በኋላ ዲስኩን በእጅ አትንኩ።

በክረምት ጭቃው ሸራ በፍጥነት ይበላል። የቀረው ከአንድ ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀይሩ። ብረት ለብረት ሲፋጭ ከሰማችሁ ያ ጊዜ አልፏል።

ስንነዳ "ቂው ቂው" የሚል ድምፅ

ሁሉም ሰው "የመሀሉ ኩሽኔታ ነው" ይላል፤ የፔዳሎቹ ዘንግ የሚዞርበትን ማለቱ ነው። ይህን የምቀበለው መጨረሻ ላይ ነው። ድምፅ በፍሬሙ ውስጥ ስለሚጓዝ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል። ስትቆሙ ከጠፋ ኮርቻው ወይም የኮርቻው ምሰሶ ነው። አውጡት፣ ጥረጉት፣ ብረት ከሆነ ግራሶ ቀቡት፣ በልኩ አጥብቁት። ካርቦን ከሆነ ግራሶ አይቀባም፣ ለእሱ የተሠራ ቅባት አለው። በአንድ እግር ስትጫኑ ብቻ ከሆነ ፔዳሉን ፍቱና የሚጠመዘዝበትን ጥርስ አጽድታችሁ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱ። የግራ ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት የታገሉ ሰዎች ፔዳሉ የሚታሰርበትን የብረት ክንድ አበላሽተዋል።

የፔዳሉ ክንድ ራሱ ከተንቀሳቀሰ ወዲያው ውረዱ። ልል ክንድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳበት ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ምን ቢጠብቅ አይዝም።

ሳይክሏ ደህና ናት፣ የታመምነው እኛ ነን

የጉልበት ፊት ለፊት ህመም ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛ ኮርቻና ከከባድ ማርሽ ነው። ከጉልበት ጀርባ ከሆነ ኮርቻው ሳይረዝም አይቀርም። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ታች ሲሆን አስቀምጡበት፤ እግራችሁ ቀጥ ካለ ቁመቱ ቅርብ ነው። የትንሿ ጣት መደንዘዝ መዳፍ ላይ ከሚያርፍ ክብደት ነው። መሪውን የምትይዙበትን ቦታ ቀያይሩ። ኮርቻው ወደ ፊት አዘንብሎ ወደ መሪው እየገፋችሁ እንዳይሆንም እዩ። ህመሙ ሳምንታት ከቆየ ሐኪም ይየው።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት መጥታችሁ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ ጎማ አትፈትሹ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጥቂት ቀን ስጡት፣ በቀላል ማርሽ ውጡ፣ ውሃ ጠጡ።

እኔ ከቤት ስወጣ አንድ የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ ትንሽ መንፊያ፣ ባለስድስት ጎን ቁልፎች፣ ልጣፍ፣ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ እና ማስቲሽ እይዛለሁ። ማስቲሹ አንዴ ከተከፈተ ክዳኑ ተዘግቶም ይደርቃል። ቅዳሜ ማታ ጨመቅ አድርጋችሁ እዩት።