«ነገ ተመለሱ» ሲሏችሁ፦ አቤቱታችሁ ዱካ እንዲኖረው

አዲስ አበባ፣ በእኛ ሰፈር የወረዳ ጉዳይ የያዘው ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፍ ወደ እኔ ይመጣል። መጀመሪያ የምጠይቀው «በቃል ነው በጽሑፍ ያመለከታችሁት?» ብዬ ነው። በቃል የተነገረ አቤቱታ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

በሁለት ቅጂ ጻፉ። ምን ተፈጠረ፣ መቼ፣ ምን እንዲደረግላችሁ ትፈልጋላችሁ? ምሬቱን ቀንሱ፣ ቀኑን ግን አትርሱ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና በእናንተ ቅጂ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ሳይደረግበት ከቢሮው አትውጡ! እናቶች በጭቃ ተመላልሰው «ማመልከቻዎ አልደረሰንም» ሲባሉ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መልስ ካጣችሁ ወደ ቅሬታ ሰሚው፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማ። መረጃ ከከለከሏችሁ የመረጃ ነፃነት አዋጁን፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የመልስ መስጫው ጊዜ በመደበኛነት 30 ቀን ነው።

ይህም ካልሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚደርስ የአስተዳደር በደልን የሚመረምረው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ነው። ክፍያ የለውም፤ መጻፍ ለማይችል አቤቱታውን በቃል ይቀበላል። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን አያይም። ማህተም ያረፈባቸውን ወረቀቶች ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ በቀን ቅደም ተከተል አያይዙ፤ ዋናዎቹ ቤት ይቀመጡ።