«አልበረደኝም» የሚሉ አያትን ክፍል እንዴት እናሙቅ?

የጎንደር ብርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የክረምቱ ነው፤ ጉምና እርጥበት ይዞ ይመጣል፣ ልብስ አልደርቅ ይላል። ሌላው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ወዲያው ይለቀዋል። ከተራ ማታ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ያደረ ሰው የምለው ይገባዋል።

አያቴ ይህን ሁለተኛውን ብርድ አይቆጥሩትም፤ «በጋ ነው'ኮ» ይላሉ። አንድ የጥር ማታ «እማማ፣ በረደዎት?» ብላቸው «ኧረ ምንም!» አሉኝ። እግራቸውን ስነካው በረዶ ሆኗል። ዋሽተውኝ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ብርድን ቶሎ አይለይም፣ ሙቀት የሚያመነጨው ጡንቻም ይቀንሳል።

1. አይጠይቁ፣ ይዳስሱ። እጅና እግር ቢቀዘቅዙ ብዙም አይገርምም። እጅዎን በልብስ ስር አስገብተው ሆዳቸውን ወይም ጀርባቸውን ይንኩ። እሱ ከቀዘቀዘ ነገሩ ቀላል አይደለም። ከተቻለ የክፍል ቴርሞሜትር ይግዙና እሳቸው በሚቀመጡበት ቁመት ይስቀሉት፤ በር አጠገብም ምድጃ አጠገብም አይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ብርድ ላለባቸው አገሮች ቤት ውስጥ ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል። ለአረጋውያን ከዚያ ከፍ ቢል ይሻላል።

2. ንፋሱን ይያዙ። ማታ ሻማ ለኩሰው በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ ቀስ እያሉ ያዙሩት (መጋረጃውን አደራ!)። ነበልባሉ ያዘነበለበት ቦታ ንፋስ ይገባል። እኛ ቤት ዋናው ቀዳዳ የበሩ ስር ነበር። የአሮጌ ሱሪ እግር ቆርጬ ሰጋቱራ ሞላሁበትና ጫፍና ጫፉን ሰፋሁት። ማታ ማታ በሩ ስር ይተኛል፤ አያቴ «ድመቷ» ይሉታል። ኮርኒስ ከሌለ ማዳበሪያ ሰፍቶ መወጠርም ያግዛል። አልጋውን ከውጪኛው ግድግዳ ትንሽ ያርቁት፤ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሳይነካንም ሙቀታችንን ይስባል።

ፀሐይ ደግሞ በነፃ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ግድም በፀሐይ በኩል ያለውን መስኮት ይክፈቱ፣ ፍራሹንም ያስጡ። 11 ሰዓት ሳይሞላ ግን ሁሉም ይዘጋ።

3. ከላይ ብቻ አይደርቡ። ጋቢ የሚያሞቀው በአራቱ ድርብ መሃል አየር ስለሚይዝ ነው። ከውስጥ ሹራብ፣ እግር ላይ ካልሲ፣ ራስ ላይ ሻሽ ወይም ኮፍያ ይጨመር። ብዙ ሰው የሚረሳው የታችኛውን ነው። መደብ ላይ አጎዛ ሳያነጥፉ ቡሉኮ መደረብ ግማሽ ሥራ ነው።

4. አልጋው ቀድሞ ይሙቅ። የሙቅ ውሃ ላስቲክ በጨርቅ ጠቅልለው ከመኝታ በፊት አንሶላው ውስጥ ያስገቡ፣ ሲተኙ ያውጡት። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ሳይታወቃቸው ይቃጠላል። የፈላ ውሃ በሃይላንድ አይሞከር፤ ይጨማደድና ያፈሳል። ጋቢና ነጠላ ጫማ አልጋው አጠገብ ይቀመጡ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ለሌሊት ፖፖ ይዘጋጅ። ብርዱም መውደቁም የሚያገኛቸው ያኔ ነው።

5. ከሰል። እዚህ ላይ ከአያቴ ጋር ብዙ ተጨቃጭቀናል። «ከቀላ በኋላ አይጎዳም» ይላሉ፤ ሰፈሩም እንደዚያ ነው የሚያምነው። ልክ አይደለም። ጭሱ ቢያልቅም ፍሙ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በተለይ ንፋሱን ሁሉ ከደፈንን በኋላ ተዳፍኖም ቢሆን ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ አይተኛም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ በሩን ከፍቶ ሰውን ማውጣት ነው፤ ከሰሉን ማውጣት ከዚያ በኋላ ይደረሳል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፣ ዲቫይደር ላይ አይደለም። ጋቢም አይሰጣበት።

6. ትኩስ ነገር። ማታ አጥሚት ወይም ገንፎ፣ ቀን በየሰዓቱ ብድግ ብሎ ትንሽ መንቀሳቀስ። አረቄ ግን ያታልላል። ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ሙቀት ይሰማል፣ የውስጡ ሙቀት ግን እየወጣ ነው።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ከወረደ አደጋ ነው። አነጋገራቸው ከተንተባተበ፣ ከተደናገሩ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ሲንቀጠቀጡ ቆይተው መንቀጥቀጡ ካቆመ ጠዋትን አይጠብቁ። እርጥብ ልብስ ካለ አውልቀው፣ ደረትና ራሳቸውን ሸፍነው፣ እጅና እግራቸውን ሳያሹ፣ ቀስ ብለው ይዘው ሆስፒታል ያድርሷቸው።