ለሜሪላንድ ስቴት ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሐበሾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2026 የሜሪላንድ ስቴት ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ ለምርጫ ይቀርባሉ፤ 47 የሴናተር (የላይኛው ቤት አባል)፣ 141 የዴሊጌት (የታችኛው ቤት አባል)። በሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያለነውን ሐበሾች ብዛት ላየ፣ ከመካከላችን ለውድድር የሚነሳ ሰው መኖሩ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የተማረና የተወደደ ሰው አሠራሩን ባለማወቅ ብቻ ሲሰናከል ማየት ያንገበግባል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የስቴቱን ዋና ከተማ አናፖሊስን ከዋሽንግተን ጋር ማምታታት ነው። ተወዳዳሪው ምግብ ቤት ውስጥ ማይክ ይይዝና ስለ ቪዛ፣ ስለ ጥገኝነት፣ ስለ ህዳሴ ግድብ፣ አሜሪካ በኢትዮጵያ ላይ ስለምትከተለው ፖሊሲ ይናገራል። ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ከተናገረው ውስጥ ግን አንዱም በስቴት ዴሊጌት እጅ ያለ ጉዳይ አይደለም፤ ሁሉም የፌዴራል መንግሥት ነው። የስቴቱ ምክር ቤት የሚወስነው የነርስ ሙያ ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሜዲኬይድ ምን እንደሚሸፍን፣ ትምህርት ቤት ስንት እንደሚመደብለት፣ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ስንት እንደሚሆን፣ አከራይ ተከራይን በምን ሁኔታ ማስወጣት እንደሚችል ነው። እንጀራችን ያለው እኮ እዚህ ላይ ነው! አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት የምትሠራው እህታችን፣ ኡበር የሚነዳው ወንድማችን፣ ትንሽ ሱቅ የከፈቱት ባልና ሚስት ኑሯቸውን የሚነካው ህግ በአብዛኛው የሚወጣው አናፖሊስ ነው። ስለ እነዚህ ጉዳዮች አንድም ቃል ሳይናገር ከመድረክ የወረደ ተወዳዳሪ ዕድሉን አባክኗል። የአገር ቤት ፖለቲካ ከተነሳ ደግሞ ገና የመጀመሪያው በር ሳይንኳኳ ደጋፊው ለሁለት ይከፈላል። አንድ ሙሉ ዲስትሪክት (የምርጫ ወረዳ) ከ130 ሺህ በላይ ነዋሪ አለው፤ አብዛኛው ሐበሻ አይደለም፤ እሱ የሚሰማው ስለ መንገዱና ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ነው። ስለ ቪዛ ለሚጠይቅ ሰው ትክክለኛው መልስ የኮንግረስ ተወካዩን ቢሮ ስልክ መስጠት ነው።

ሁለተኛው፣ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ድምፅ አድርጎ መቁጠር ነው። በሜሪላንድ የፓርቲዎቹ ቅድመ ምርጫ ማለትም ፕራይመሪው ዝግ ነው። ዴሞክራት ሆኖ ያልተመዘገበ ሰው በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ለዴሊጌት አይመርጥም። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበትና ዴሞክራቶች በሚበዙበት በሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ውድድሩ የሚያበቃው በአብዛኛው እዚያው ፕራይመሪው ላይ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ሲመዘገቡ «ፓርቲ የለኝም» የሚለውን ይመርጡና በወሳኙ ቀን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ፓርቲ መቀየር ቀነ ገደብ አለው፤ ቅስቀሳው ከዚያ በፊት እዚህ ላይ ማተኮር አለበት። ዲስትሪክቱ ሦስት ዴሊጌት በጋራ የሚመርጥ ከሆነም መራጩ እስከ ሦስት ስም መምረጥ ይችላል እንጂ ሦስት መሙላት ግዴታው እንዳልሆነ አስረዱ።

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የምዝገባ ቅጽ ይዛችሁ ስትዞሩ መጀመሪያ ዜግነት ጠይቁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በስቴት ምርጫ መመዝገብም መምረጥም አይችልም፤ ቢሳሳት ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን ማስመረጧ ብዙ ሰው ያደናግራል። ያ ፈቃድ ግን ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው።

ገንዘብ። የእኛ ሰው መዋጮ ሲሰበስብ ለምዶት ፖስታ ያዞራል፤ ስም ሳይጻፍ ጥሬ ብር ይገባል። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ይሆናል፣ ለምርጫ ግን አይሆንም። ሳንቲም ከመቀበላችሁ በፊት የዘመቻ ኮሚቴ መመዝገብ፣ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ መሰየም ግድ ነው፤ ተወዳዳሪው ራሱ ገንዘብ ያዥ መሆን አይችልም። የሰጪው ሙሉ ስምና አድራሻ ይመዝገብ። ከ100 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ አይወሰድም፤ በቼክ ወይም በካርድ ይሁን። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መስጠት ይፈቀድለታል። አዲስ አበባ ያለው አጎት፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለው ዘመድ ግን አይፈቀድለትም፤ የፌዴራል ህግ በግልጽ ይከለክላል። «እኔ በስሜ ልስጥልህ» ብሎ የሌላውን ገንዘብ ማስገባትም ወንጀል ነው። ከግብር ነፃ ሆኖ የተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር ለዘመቻ ገንዘብ መስጠት አይችልም።

አድራሻን በተመለከተ፣ ተወዳዳሪው በምርጫው ቀን ስቴቱ ውስጥ አንድ ዓመት፣ ዲስትሪክቱ ውስጥ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት። የዘመድ ቤት አድራሻ ተውሶ መወዳደር አያዋጣም።

ተመርጠው የሚገቡት የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው። የምክር ቤቱ ጉባኤ ከጥር (ጃንዋሪ) ወር ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ 90 ቀን ብቻ ይቆያል። አዲስ ገብ ዴሊጌት ለእያንዳንዱ ቃል ኪዳኑ አንድ አንድ ረቂቅ ህግ ያቀርብና አንዱንም ሳያሳልፍ ይቀራል። ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ሁሉም ረቂቅ ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ጽፈው ያወጣሉ። ያንን ወረቀት ረቂቁን የሚመረምረው ኮሚቴ ፊት ከመቅረቡ በፊት ያላነበበ አቅራቢ ከመጀመሪያው ጥያቄ በኋላ መልስ ያጣል። ወጪው ከፍ ካለ ከባለሙያዎቹ ጋር ቀድሞ መነጋገር፣ ተፈጻሚ የሚሆንበትን ቀን ማራዘም፣ ወይም በሙከራ ደረጃ ከአንድ ካውንቲ መጀመር ይቻላል። ረቂቁ እስከ 69ኛው ቀን ወደ ሌላኛው ምክር ቤት ካልተሻገረ አብዛኛውን ጊዜ አለቀለት። ለማለፍ በዴሊጌቶች ቤት 71፣ በሴኔት 24 ድምፅ ያስፈልጋል፤ በዕለቱ ከተገኙት አባላት የአብላጫው ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ ስለዚህ ኮሪደር ላይ ስም በስም ቆጥራችሁ ግቡ። ምስክር የሚሆኑ ሰዎችንም አስቀድማችሁ አስመዝግቡ፤ ብዙውን ጊዜ ለአንዱ የሚሰጠው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ለሰላምታና ለምስጋና ግማሹን የጨረሰ ምስክር ዋናው ጉዳይ ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ይደወልበታል።

ጉባኤው ተቀምጦ ባለበት 90 ቀን የምክር ቤት አባል ለዘመቻው መዋጮ መቀበል ክልክል ነው።

ሥራ ለመልቀቅ አትቸኩሉ። ደመወዙ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ቢሆንም ብዙ አባላት ሌላ ሥራ አላቸው። ከአሠሪያችሁ ጋር ስለ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ መጀመሪያ መነጋገር ያለባችሁ ከምርጫው በፊት ነው።

ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። በሜሪላንድ እያንዳንዱ ሴናተርና ዴሊጌት በዲስትሪክቱ ላሉ የኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጠው የስኮላርሺፕ ገንዘብ አለው። የእኛ ልጆች የማያመለክቱት ስላልተነገራቸው ነው። ማመልከቻው መቼ እንደሚከፈት በአማርኛ ጽፋችሁ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየምግብ ቤቱ ለጥፉ።

ጉባኤው በሚዘጋበት በሚያዝያ (ኤፕሪል) ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ያላለፈ ረቂቅ ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም፤ በአዲስ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። ለምን እንደወደቀ የኮሚቴውን ሰብሳቢ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። የተሻሻለውን ጽሑፍ በበጋው አዘጋጅታችሁ ጥር ሳይገባ አስገቡ፤ ቀድመው የገቡ ረቂቆች ቀድመው ይሰማሉና።