የሰፈርን ባለውለታ ስም በሕዝብ ፓርክ ውስጥ ማስሰየም እንዴት ይቻላል?

ለዓመታት ያለ ክፍያ ሰፈሩን ሲያገለግል የኖረ ሰው ሲያርፍ፣ በአርባው ወይም በሙት ዓመቱ ላይ «ስሙ የሚጠራበት አንድ ነገር ይኑር» የሚል ሐሳብ መነሣቱ የተለመደ ነው። ሐሳቡን ሁሉም ይደግፈዋል፤ ጥያቄው ለየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በምን ማስረጃ እንደሚቀርብ የሚያውቅ ስለማይገኝ ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የደንቡ ዝርዝር ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ይቀራረባል።

በመጀመሪያ ምን እንደሚሰየም መወሰን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ፓርኩን በሙሉ ማስሰየም ነው፤ ነገር ግን ነባር ስም የራሱ ደጋፊዎች ስላሉት እሱን ማስቀየር እጅግ ከባድ ነው። የሲያትል ደንብ በፓርክ ውስጥ ያሉ ክፍሎች ከፓርኩ የተለየ ስም ሊኖራቸው እንደሚችል ስለሚፈቅድ፣ የእግር መንገድ፣ የመጫወቻ ሜዳ፣ የአትክልት ቦታ ወይም መጠለያ መጠየቅ የተሻለ ነው። ከተማዋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አላት፤ ለብዙ ዓመታት ቴኒስ ያስተማሩት የኤሚ ዪ ስም የተሰጠው ለከተማው የቴኒስ ማዕከል ነው። ፓርክ በሙሉ በተሰየመበት ጊዜም ቢሆን ቦታውና ሥራው ሲገናኙ ይታያል፦ አምቡላንስ ከመድረሱ በፊት ለተጎዱ ሰዎች ይደርስ የነበረውና በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. በጥይት የተገደለው የዶኒ ቺን ስም ዕድሜውን ሙሉ ባገለገለበት ኢንተርናሽናል ዲስትሪክት በተባለው የሲያትል ሰፈር ለሚገኘው የልጆች መጫወቻ ፓርክ ተሰጥቷል። ስለዚህ ሟቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ኳስ ያሠለጥኑ ከነበረ፣ ከፓርኩ ማዶ ያለውን የሚያምር የአበባ ቦታ ትቶ ያንኑ ሜዳ መጠየቅ ይሻላል።

ቀጥሎ የቦታውን ባለቤት ማጣራት ነው። አንድ ሜዳ የከተማው የፓርኮች መሥሪያ ቤት፣ የኪንግ ካውንቲ፣ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ወይም የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ለማይመለከተው መሥሪያ ቤት የተላከ ደብዳቤ ወራት ይፈጃል። ኮረብታን ወይም ጅረትን የመሰለ የተፈጥሮ ገጽታ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ የጂኦግራፊ ስሞች ቦርድ ይሄዳል፤ ቦርዱ በሰው ስም ለመሰየም ሰውየው ካረፈ ቢያንስ 5 ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃል።

በሲያትል ፓርኮች ደንብ የተቀመጠው ጊዜ ከዚህ ያንሳል፤ ፓርክ በሰው ስም የሚሰየመው ሰውየው ካረፈ ቢያንስ 3 ዓመት ሲሆነው ነው። ሐዘንተኛ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል። እኔ ግን ጊዜው ጠቃሚ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ማመልከቻን የሚያጸናው ማስረጃ ነው፣ ማስረጃ ደግሞ ወዲያው ካልተሰበሰበ ይጠፋል። የእድሩን ወይም የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ፣ ፎቶግራፎችን፣ ሟቹ ያሠለጠኗቸውን ልጆች ምስክርነትና የፓርኩ ሠራተኞች የሚያስታውሱትን ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት መሰብሰብ ይገባል። «ሰው ወዳድ ነበሩ» የሚለው ለሐዘን ቤት ይበቃል፤ ኮሚቴ ፊት የሚያስኬደው ግን ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ምን እንደሠሩ የሚናገር ወረቀት ነው። ከወገኖቻችን የሚሰበሰብ የፊርማ ዝርዝር መልካም ነው፤ ሆኖም ሐበሻ ያልሆኑ ሁለትና ሦስት ጎረቤቶች በየራሳቸው ቃል የጻፉት ደብዳቤ ከረጅም የፊርማ ዝርዝር ይልቅ ክብደት ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

የቤተሰቡን ፈቃድ በጽሑፍ ከመቀበል ጋር አብሮ የሚታየው የስሙ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ ማኅበረሰብ ከሌላው የተለየ ጣጣ አለበት። ሰፈሩ «ጋሽ» ወይም «እትዬ» ብሎ የሚጠራው ስም በመታወቂያ ላይ ካለው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ስም በፓስፖርት፣ በባንክና በቀብር ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። አያት በቤተሰብ ስምነት ሲመዘገብም የአባት ስም እንደ መካከለኛ ስም ይታይና ሰሌዳው ሲቀረጽ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ አጻጻፍ መርጦ በፊርማው ሊያጸድቅ ይገባል። የአማርኛ ጽሑፍ የሚጨመር ከሆነም «ሀ» እና «ኃ»፣ «ሰ» እና «ሠ» ቀድመው ይወሰኑ። የልደት ዓመትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ከአውሮፓውያኑ በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 ዓመት ስለሚያንስ፣ በችኮላ የተደረገ ስሌት አንድ ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ወረቀታቸው ላይ «ጃንዋሪ 1» የተሞላላቸው ስደተኞችም ጥቂት አይደሉም፤ ትክክለኛው ቀን ካልታወቀ ዓመቱን ብቻ መጻፍ ወይም የልደቱን ነገር መተው ይመረጣል።

ማመልከቻው ራሱ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። የቦታውን ትክክለኛ መገኛ ከካርታ ጋር፣ የሚጠየቀውን ስም፣ የአገልግሎቱን ታሪክና የድጋፍ ደብዳቤዎቹን ይይዛል። በሲያትል ጥያቄውን የስም አሰያየም ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የፓርኮቹ ሱፐርኢንተንደንት (የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ) ነው። ከጎረቤት ተቃውሞ ቢመጣ በስብሰባ ላይ ከመከራከር ይልቅ አስቀድሞ ቤቱ ድረስ ሄዶ ማነጋገር ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ የሰዎቹ ሥጋት ስለ መኪና ማቆሚያ ወይም ስለ ጫጫታ እንጂ ስለ ሟቹ አይደለም።

ስለ ገንዘብ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ስያሜው ቢፈቀድም የሰሌዳውን ወጪ ጠያቂው ወገን ሊሸፍን ይችላልና፣ ለማሠሪያ ብቻ ሳይሆን ለእድሳትም የሚሆን ገንዘብ በእድሩ ሒሳብ ለብቻው ይያዝ። አግዳሚ ወንበር ሁልጊዜ ርካሽ አማራጭ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በአንድ ወንበር ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ለማስለጠፍ ለዓመታት ሲጠየቅ የኖረው 10,000 ዶላር ነው።

ሰሌዳው ከመቀረጹ በፊት ረቂቁን ከቤተሰቡ አንድ ሰው በወረቀት ላይ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ያንብበው። የምረቃው ቀን ሲቆረጥም ለስብሰባ ፈቃድ ማስፈለጉን ይጠይቁ። ቡና ለማፍላት ከታሰበ ከሰል ማቀጣጠል በየትኛው ቦታ እንደሚፈቀድ አስቀድሞ ከፓርኩ ሠራተኞች መረዳት ይገባል፤ የማይፈቀድ ከሆነ ቡናው ቤት ፈልቶ በፔርሙስ ይመጣል።